ፋይበር ግላሳችሁ ውሃና ሙቀት ይችላል? ከማስረከባችሁ በፊት በሚዛን ፈትኑት

ነሐሴ ነበር። ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ ወርክሾፕ ውስጥ ጃኬት ለብሰን፣ ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ ካፌ ግቢ የፏፏቴ ገንዳ በፋይበር ግላስ ሠራን። አምሮ ነበር። ሲዳሰስ ልስልስ ያለ፣ ሲንኳኳ ድምፁ ጥርት ያለ። የካፌዋ ባለቤት ደስ ብሏቸው ቀሪውን ሒሳብ እዚያው ከፈሉን። ሚያዝያ ላይ ደወሉ። «ልጄ፣ ገንዳው እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ፤ እስቲ ናና እየው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ውሃውን አስደፍተን ስናይ የገንዳው ውስጥ በሙሉ ውሃ ቋጥሯል። አንዱን እብጠት በመርፌ ወጋሁት፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ወጣ። ገንዳውን በራሳችን ወጪ እንደ አዲስ ሠራን። ገንዘቡ ከነከነኝ፤ ከገንዘቡ በላይ ግን የከነከነኝ ጥፋቱ ገና ነሐሴ ላይ እዚያው ውስጡ እንደነበረና እኛ በዓይናችን ብቻ አይተን ማስረከባችን ነው። ዓይን አያየውም። ሚዛን ግን ያየዋል። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሬዚን ስገዛ ወይም ውሃ የሚነካው ሥራ ስቀበል የማደርገውን ፈተና ነው እዚህ የምጽፍላችሁ። ላቦራቶሪ አይጠይቅም። አንድ ወር ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

ውስጡ ምን እየሆነ ነው?

ፋይበር ግላስ ሲባል ብዙ ሰው ነገሩ ሁሉ መስታወት ይመስለዋል። ክሩ አዎ፣ መስታወት ነው። ክሩን የያዘው ሬዚን ግን ፕላስቲክ ነው፤ በፕላስቲክ ሞለኪውሎች መሀል ደግሞ ለውሃ የሚበቃ ክፍተት አለ። ስለዚህ ውሃ ለመግባት የግድ ስንጥቅ አያስፈልገውም፤ በደህናው ሬዚን ውስጥ ቀስ እያለ ይሰርጋል። የዚህን ዓይነት አሰራረግ አዶልፍ ፊክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1855 በቀመር አስቀምጦታል። ከቀመሩ ለእኛ የሚጠቅመን ይሄ ነው፦ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን፣ ውሃው እስኪጠግብ የሚፈጀው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል።

ውሃው ከገባ በኋላ የሚያደርሰው ጉዳት አንድ ዓይነት አይደለም፤ ይህን ካልለያችሁ የፈተናውን ውጤት ማንበብ አትችሉም። የመጀመሪያው ማለስለስ ነው። ድርቆሽ ውሃ ሲነካው እንደሚለሰልስ ሬዚኑም ይለሰልሳል። ኤፖክሲ የሚባለው የሬዚን ዓይነት አንድ በመቶ ያህል ውሃ ሲጠጣ የሚለሰልስበት ሙቀት እስከ 20 ዲግሪ ገደማ ሊወርድ ይችላል። ይህ ጉዳት ዕቃው ሲደርቅ በአብዛኛው ይመለሳል።

ሁለተኛው አይመለስም። የመስታወት ክር ከፋብሪካ ሲወጣ ከሬዚን ጋር የሚያያይዘው ሲሌን የሚባል ስስ ቅብ አለው። ውሃ እዚያ ደርሶ ከቆየ፣ በተለይ ከሞቀ፣ ማያያዣውን ይበላዋል። ክሩም ሬዚኑም አሉ፤ ግን አልተያያዙም። ፖሊስተር የሚባለው የተለመደው ሬዚን ራሱም ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲከርም ሞለኪውሉ እየተበጣጠሰ ይሄዳል።

ሦስተኛው ገንዳችንን የበላው ነው። ብርድ ላይ የተሠራ ሬዚን ይደርቃል እንጂ አይበስልም። እነዚህን ሁለት ቃላት ለዩልኝ፤ ደረቀ ማለት በሰለ ማለት አይደለም። ያልበሰለው ትርፍራፊ ውስጥ ይቀራል፤ የሰረገው ውሃ ያሟሟዋል፤ ያ የተሟሟ ፈሳሽ ደግሞ ከውጭ ተጨማሪ ውሃ ይስባል፤ ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ ጄልኮቱን፣ ማለትም ክር የሌለበትን የላይኛውን የሬዚን ሽፋን፣ ወደ ላይ ይገፋዋል። ለዚህ ጉዳት ንጹሕ ውሃ ከባሕር ውሃ ይከፋል፤ ምክንያቱም በውስጥና በውጭ ያለው ልዩነት ይሰፋል።

ሙቀት እነዚህን ሁሉ ያፋጥናል። ከዚያ ሌላ የራሱ ጣጣ አለው። ፖሊስተር ሲሞቅ ከመስታወት ክሩ ከአሥር እጥፍ በላይ ይለጠጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው እንቢ ይላል። በመሀላቸው የጸጉር ያህል ስንጥቅ ይፈጠርና ለውሃው መንገድ ይሆናል። አዲስ አበባ ሞቃት ከተማ አይደለችም፤ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ፀሐይ ያቃጥላል፤ በክረምት ደግሞ ጠዋት ጨፍጋጋ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ጠራራ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረዶ የምናይባቸው ቀናት አሉ። ጠቆር ያለ የፋይበር ግላስ ክዳን ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ይቀበላል።

አንድ፦ ሁለት ሰሌዳ ሥሩ

50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ሰሌዳዎች ሥሩ። ለሥራው የምትጠቀሙበትን ያንኑ ሬዚን፣ ያንኑ ማት (የመስታወት ክሩን ምንጣፍ) ተጠቀሙ፤ የሚሠራውም ያው ሁልጊዜ የሚሠራው ልጅ ይሁን። ለፈተና ተብሎ ተጠንቅቆ የተሠራ ሰሌዳ ስለ ሥራችሁ ምንም አይነግራችሁም። በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝነውን ማት ሦስት ንብርብር ብታደርጉት ውፍረቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ለአንዱ ሰሌዳ ክሩ 340 ግራም ገደማ ነው፤ ሬዚኑ የክሩን ክብደት ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል፣ ማለትም 850 ግራም አካባቢ ይፈልጋል። አንድ ኪሎ በጥብጡ፣ የሚባክን አለና።

ካታሊስቱን፣ ማለትም ሬዚኑን የሚያበስለውን ፈሳሽ፣ በክዳን መስፈር ተዉ። በሚዛን ይሁን። ለፖሊስተር የተለመደው ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ማለት ነው። ከ10 ግራም በታች አትውረዱ፣ አይበስልም። ብርድ ሲሆን ካታሊስት ከልክ በላይ መጨመርም መፍትሔ አይደለም፤ ክፍሉን አሙቁት። ከ15 ዲግሪ በታች በሆነ ክፍል ውስጥ ባትሠሩ ይሻላል። እና እባካችሁ፣ ኮባልት (ብስለቱን የሚያፋጥነው ጭማሪ) እና ካታሊስት በቀጥታ አይገናኙ፤ ይፈነዳል። ኮባልቱ መጀመሪያ ሬዚኑ ውስጥ በደንብ ይዋሃድ፣ ካታሊስቱ በኋላ ይግባ። መነጽር አድርጉ። ካታሊስት ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያጠፋል።

ሁለቱ ሰሌዳዎች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። አንደኛውን እንደተለመደው በክፍሉ ሙቀት ተዉት። ሁለተኛውን ከ24 ሰዓት በኋላ 40 ዲግሪ ላይ ለ16 ሰዓት አብስሉት። ማብሰያው ቀላል ነው፦ ውስጡ በአሉሚኒየም ወረቀት የተለበጠ የእንጨት ሳጥን፣ ሁለት የድሮው ዓይነት አምፖል፣ ለጫጩት መፈልፈያ የሚሸጠው ዲጂታል ቴርሞስታት። ገና ሽታው ያልወጣለት እርጥብ ሥራ ግን እዚያ አታስገቡ፤ የሬዚኑ ትነት እሳት ይይዛል። መብራት ከጠፋ ሰዓቱን ጻፉና የጎደለውን ጨምሩ።

ሁለት፦ ቁረጡ፣ ቁጠሩ፣ አድርቁ

ዳር ዳሩን ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ጣሉ። ከእያንዳንዱ ሰሌዳ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 6 ካሬዎችና 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 1.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 20 ዘንጎች ቁረጡ። ካሬዎቹ ለሚዛን፣ ዘንጎቹ ለመስበር ናቸው። ቁጥራቸውን በሚስማር ጭረት ጻፉ፤ ማርከር ውሃ ውስጥ ይለቃል። ስትቆርጡ የአፍ መሸፈኛ አድርጉ፣ ዱቄቱ ሳንባ ላይ ይቀመጣል።

የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ክሩ ራቁቱን ነው፤ ውሃውም ክሩን ተከትሎ እንደ ኩራዝ ክር ይጠጣል። ስለዚህ ከስድስቱ ካሬዎች የሦስቱን ጠርዝ በሬዚን ቀቡ፣ ሦስቱን እንዳሉ ተዉ። ይህች ልዩነት ብቻዋን ብዙ ታስተምራለች። ብሎን ለማስገባት የምንበሳው ቀዳዳ ሁሉ ያልተቀባ ጠርዝ ነው።

የቀባችሁት ሬዚን ሲበስል የሁለተኛውን ሰሌዳ ቁራጮች 50 ዲግሪ ላይ ለ24 ሰዓት አድርቁ፤ የአንደኛው ግን በዚያው እንዳይበስል ሙቀት አይንካው። በየጫማ ካርቶኑ የምትመጣዋን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት የያዘ ክዳናም ማሰሮ ውስጥ የሁለተኛውን አቀዝቅዙ፣ የአንደኛውን ክብደቱ መለወጥ እስኪያቆም አቆዩ፤ ከዚያ መዝኑ። ሚዛኑ ቢያንስ የግራም መቶኛ ማንበብ አለበት። የወርቅ ሠሪዎቹ ሚዛን ይበቃል፤ የእኔን የመጀመሪያዋን ፒያሳ ከአንድ ወርቅ ሠሪ ነው የገዛኋት። አንድ ካሬ 43 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ አንድ በመቶ ውሃ ቢጠጣ ወደ 0.4 ግራም ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ይህን አያይም።

ሦስት፦ አርሱ

አምስት አምስት ዘንግ በአራት ምድብ ክፈሉ። የመጀመሪያው ምድብ ደረቅ ሆኖ ይቆያል፣ ማነጻጸሪያችን እሱ ነው። ሁለተኛው በክፍሉ ሙቀት ውሃ ውስጥ ይገባል። ሦስተኛው 50 ዲግሪ ውሃ ውስጥ፤ ክዳናም ማሰሮውን ከነውሃው ያው የአምፖል ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ነው። አራተኛው ማታ ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ቀን ጣሪያ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ከካሬዎቹ ደግሞ ለሦስቱ እርጥብ ምድቦች አንድ ጠርዙ የተቀባ፣ አንድ ያልተቀባ ይድረሳቸው።

ውሃው ነዳጅ ማደያና ባትሪ ቤት የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ቢሆን እመርጣለሁ፣ ንጹሕ ስለሆነ። አሲዱን እንዳትገዙ ብቻ ዕቃውን አይታችሁ ውሰዱ።

ለምን 50 ዲግሪ? ተራው ፖሊስተር 60ዎቹ ውስጥ መለስለስ ሊጀምር ይችላል። ከዚያ በላይ ካሞቃችሁት ዕቃው በሕይወቱ የማያየውን ጉዳት እየፈጠራችሁ ነው፣ ውጤቱ ያሳስታችኋል። ድስት ውስጥ የሚቀቅሉ አሉ። ሁለት ሬዚን ቶሎ ለማወዳደር ብቻ ከሆነ ሁለት ሰዓት መቀቀል ይረዳል፤ የዕድሜ ግምት ግን አታውጡበት። ደግሞም አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነውና በባሕር ወለል ደረጃ ከተሠራ የመቀቀል ፈተና ጋር ቁጥራችሁን በቀጥታ አታስተያዩ።

አራት፦ መዝኑ፣ ሣሉ

ካሬዎቹን በ1ኛው፣ በ4ኛው፣ በ9ኛው፣ በ16ኛውና በ25ኛው ቀን መዝኑ። ቀኖቹን እንዲሁ አልመረጥኳቸውም። ውሃ የሚሰርገው በቀኑ ልክ ሳይሆን በቀኑ ስኩዌር ሩት ልክ ነው፤ የእነዚህ ቀኖች ስኩዌር ሩት 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ይሆናል፤ ወረቀት ላይ ለመሣል ይመቻል። በሳሙና ያልታጠበ ንጹሕ ጨርቅ ይዛችሁ ገጹን ጠረግ አድርጉና አንድ ደቂቃ ሳይሞላ መዝኑ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የእርጥቡ ክብደት ሲቀነስ የደረቁ ክብደት፣ ለደረቁ ክብደት ሲካፈል፣ በ100 ሲባዛ። ለምሳሌ 43.20 የነበረው 43.58 ከሆነ 0.88 በመቶ ጠጥቷል ማለት ነው።

ወረቀቱ ላይ ከታች የቀኑን ስኩዌር ሩት፣ በጎን መቶኛውን አድርጋችሁ ነጥቦቹን በመስመር አገናኙ። አሁን መስመሩን እዩት፤ የሥራው ሁሉ ፍሬ እዚህ ነው። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ወጥቶ በኋላ ጋደም ካለ ሬዚኑ ጠጥቶ ጠገበ፣ ጤነኛ ነው። ጋደም ሊል ሲገባው እንደገና ሽቅብ ከወጣ ውስጥ አዲስ ክፍተት እየተከፈተ ነው፦ ወይ ተሰንጥቋል፣ ወይ ክሩ ከሬዚኑ እየተላቀቀ ነው። ከወጣ በኋላ ወደ ታች ከመጣ ደግሞ ከውስጥ እየሟሟ የሚወጣ ነገር አለ። ይህ ያልበሰለ ሬዚን ዋና ምልክት ነው። በመጨረሻ ካሬውን እንደገና 50 ዲግሪ ላይ ክብደቱ መለወጥ እስኪያቆም አድርቁትና መዝኑት፤ ከመጀመሪያው ደረቅ ክብደት ካነሰ ጥርጣሬያችሁ ተረጋገጠ። የነሐሴውን አሠራር ደግሜ ስፈትነው ያገኘሁት ይህንኑ ነው፤ ውሃው ውስጥ ቆይቶ ቀለለ።

አምስት፦ ስበሩ

80 ሚሊ ሜትር የተራራቁ ሁለት ክብ ብረቶች ላይ ዘንጉን አጋድሙ። መሀሉ ላይ መንጠቆ፣ መንጠቆው ላይ ባዶ ቢጫ ጄሪካን አንጠልጥሉ። በአንድ ሊትር ጆግ ቀስ እያላችሁ ውሃ ጨምሩ። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። ሲሰበር ስንት ሊትር ላይ እንደነበር ጻፉ፤ የጄሪካኑንና የመንጠቆውንም ክብደት ደምሩ። 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ደህና ዘንግ 17 ኪሎ አካባቢ ሊሸከም ይችላል፤ ስለዚህ አንድ የ20 ሊትር ጄሪካን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልተሰበረ አሸዋ የሞላ ከረጢት አክሉ። ከሥሩ አሮጌ ጎማ አስቀምጡ፣ እግራችሁን አርቁ፣ መነጽር አትርሱ። የእጅ ሥራ አንዱ ከአንዱ ይለያያልና የየምድቡን አማካይ ነው የምታዩት፣ የአንዱን ዘንግ አይደለም።

እርጥቦቹን እርጥብ እንዳሉ ስበሩ። ግን ከየእርጥብ ምድቡ ሁለት ዘንግ አስቀሩና አድርቃችሁ በኋላ ስበሯቸው። ሲደርቁ ጥንካሬያቸው ከተመለሰ ውሃው ማለስለስ ብቻ ነበር ያደረገው፤ ካልተመለሰ ክሩና ሬዚኑ ተላቀዋል። ስብራቱንም እዩ። ንጹሕ፣ ሬዚን ያልያዘ ጸጉር የመሰለ ክር ተንዘርፍፎ ከወጣ ማያያዣው ተበልቷል ማለት ነው።

እኔ የምከተለው ልክ እንዲህ ነው፦ ሞቃቱ ውሃ ውስጥ 25 ቀን የቆየው ከደረቁ ሦስት አራተኛውን ካልተሸከመ፣ ያንን አሠራር ውሃ ለሚይዝ ዕቃ አልጠቀምበትም። ይህ የራሴ ውሳኔ ነው፣ ሕግ አይደለም። ሸክም ለሚችል ነገር፣ ለምሳሌ ሰው ለሚቆምበት፣ ይህ ፈተና አይበቃም፤ በኤኤስቲኤም ዲ 790 ደረጃ መሠረት በማሽን የሚያጥፍ ላቦራቶሪ ፈልጉ።

ውጤቱ ቢከፋ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ማብሰሉን። ሁለቱን ሰሌዳዎች ስታስተያዩ ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ። እኔ ከማንኛውም ውድ ዕቃ በፊት ያንን የአምፖል ሳጥን እመርጣለሁ። ሳጥን ውስጥ የማይገባ ትልቅ ገንዳ ከሆነ ሸራ አልብሱትና ውስጡን ማሞቂያ አድርጉለት። በስሎ እንደሆነ ለማወቅ ጄልኮት የሌለበትን ገጽ በአሴቶን በነከረ ጨርቅ ፈትጉት፤ አሴቶኑ ተኖ ሲያልቅ ጣት ላይ ከተጣበቀ ገና ነው። ሰም የተጨመረበት ሬዚን ከሆነ መጀመሪያ ገጹን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት።

ቀጥሎ ማቱን። በክረምት ጥቅሉን ሲሚንቶ ወለል ላይ አታቁሙት። ከመሬት ከፍ አድርጉ፣ ፕላስቲክ አልብሱ፣ ከመሥራታችሁ በፊት ሙቅ ክፍል ውስጥ አሳድሩት። እርጥብ ማት ሬዚን አይጠጣም፣ ነጭ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ ውሃው የሚነካውን ገጽ። ጄልኮቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። ከሥሩ አንድ ስስ የገጽ ማት ሬዚን በደንብ አጠጥታችሁ አንጥፉ፤ ክሩ ከውሃው ይርቃል። ሬዚን መለወጥ ከቻላችሁ አይሶ የሚባለው ፖሊስተር ከተራው ይሻላል፣ ቪኒል ኤስተር የሚባለው ሬዚን ደግሞ ከአይሶ። ዋጋው ከከበዳችሁ ለውሃው ገጽ ብቻ ጥሩውን፣ ለጀርባው ተራውን መጠቀም ይቻላል። የተቆረጠና የተበሳ ጠርዝ ሁሉ በሬዚን ይታተም። ፀሐይ ላይ ለሚውል ነጭ ቀለም ምረጡ።

በቃጫ የምትሞክሩ ተማሪዎችም አላችሁ፤ አምስት ኪሎ አካባቢ አንዳንዶቻችሁን አግኝቻለሁ፤ ሙከራው ደስ ይለኛል። የእንሰት ቃጫ ቀላልና ጠንካራ ነው። ግን መስታወት ውሃ አይጠጣም፣ ቃጫ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ በዚያ መሀል ከሬዚኑ ይላቀቃል። ከመሥራታችሁ በፊት በደንብ አድርቁት። የሚያቃጥለውን ኮስቲክ ሶዳ በጥቂቱ የያዘ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፉም መጣበቁን ያሻሽላል። ከሁሉ በላይ ጠርዙ አይጋለጥ። ለጣሪያ ሳይሆን ለቤት ውስጥ ዕቃ ጀምሩ እላለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከእያንዳንዱ ሥራ የተረፈ ቁራጭ ላይ ቀኑንና የሬዚኑን ቆርቆሮ ቁጥር ጭራችሁ፣ ደረቅ ክብደቱን ደብተር ላይ ጽፋችሁ፣ ሰኔ ሲገባ ወርክሾፑ ጣሪያ ላይ በሽቦ እሰሩት። ለመስቀል አውርዱና መዝኑት፣ በሳንቲም አንኳኩት። ድምፁ ከደነቆረ ወይም ክብደቱ ከተጠበቀው ካለፈ፣ ያንን ዕቃ ለወሰደው ደንበኛ እሱ ሳይደውል እናንተ ደውሉ።